ልጅ ይዘን ስንሳፈር አሥር ሰከንድ ጠብቁን

ግልጽ ደብዳቤ፦ ለከተማችን አውቶቡሶች ኃላፊዎች፣ ለሾፌሮችና ለትኬት ቆራጮች፣ አብረውን ለሚሳፈሩም ሁሉ

እንደምን ሰነበታችሁ።

የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ሴቷ 4 ዓመቷ ነው። ወንዱ 14 ወር ሆኖታል። ቤታችን አፍንጮ በር አካባቢ ነው። ባለቤቴ የምትሠራው ሜክሲኮ ነው። ልጆቹን ቀን ቀን የሚይዙልን አማቴ ደግሞ ልደታ ይኖራሉ። ስለዚህ በሥራ ቀን ጠዋትና ማታ ሁለት ሕፃናት ይዘን ከፒያሳ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ፒያሳ እንመላለሳለን። አብዛኛውን ጊዜ በአውቶቡስ ነው። መኪና የለንም። በየቀኑ ኮንትራት ታክሲ የሚያስይዝ ገቢም የለንም።

ይህን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። «አውቶቡስ ውስጥ ተሰደብን ተብሎ ደብዳቤ ይጻፋል እንዴ?» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔ ግን ይጻፋል እላለሁ። ስድቡ የአንድ ቀን ቢሆን ኖሮ ዋጥ አድርገን እንተወው ነበር። የእኛ ግን የየቀን ሆነ። በየፌርማታው ከምናገኛቸው እናቶች ጋር ስንጫወት ደግሞ የሁሉም ታሪክ አንድ ዓይነት ነው።

የሆነውን ልንገራችሁ።

ባለፈው ሰኔ መጀመሪያ ነው። ልጃችን የ14 ሳምንት ክትባቱ ደርሶ ነበር። ካርዱ ያለው ልደታ በኩል ባለ ጤና ጣቢያ ነው፤ ስንጀምር እዚያ ሰፈር ተከራይተን እንኖር ነበር። የባለቤቴ የወሊድ ፈቃድ ያለቀውም በዚያው ሰሞን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለእናት ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ለአባት 3 ቀን ነው። 90 ቀን ሲሞላ ልጁ ገና አንገቱን ማጽናቱ ነው። ያን ቀን ባለቤቴ እስከ አራት ሰዓት ለምና አስፈቅዳ ነው የወጣችው።

ጠዋት ነው። ይዘንባል። ፒያሳ ፌርማታው ላይ 40 ደቂቃ ያህል ቆምን። አውቶቡሱ ሲመጣ ሰልፉ ፈረሰ። ባለቤቴ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልላ ታቅፋለች። በሌላ እጇ ልጅቷን ይዛለች። እኔ የዳይፐር ቦርሳውንና ጃንጥላውን ይዤ ከኋላቸው ነኝ። በመሃላችን ሦስት አራት ሰው ገባ። የአውቶቡሱ ደረጃ ለ4 ዓመት ልጅ ከፍ ይላል። እናቷ እየሳበቻት፣ እሷ በጉልበቷ እየተንፏቀቀች ወጣች።

«እናትየው፣ ፍጠኚ እንጂ! ሰው በዝናብ አስቆምሽ እኮ!» አለ ትኬት ቆራጩ።

ሂሳብ ጠየቃት። ገንዘቡ ያለው እኔ ጋ ነው። «አባታቸው ከኋላ ነው፣ ይከፍላል» አለችው።

«እኔ አባታቸውን የት አውቃለሁ? ክፈዪና እለፊ! መውለድ ብቻ!»

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ።

ያን ጊዜ እኔ ደረጃው ላይ ደርሻለሁ። ሁሉንም ሰምቻለሁ። ከፈልኩ። እሷ ሁለት እርምጃ እንደገባች አውቶቡሱ ተነሳ። ከፒያሳ ወደ ለገሃር ያለውን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ። ቸርችል ጎዳና ላይ የቆመ ሰው ብረት ካልያዘ ሚዛኑን መጠበቅ አይችልም። ባለቤቴ ደግሞ ብረት የምትይዝበት እጅ አልነበራትም። ቴዎድሮስ አደባባይ ጋ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ልጅቷ በጉልበቷ ወለሉ ላይ ወደቀች። እናቷ ከሕፃኑ ጋር አብራ ያልወደቀችው የአንድ ሰውዬ ትከሻ ስለያዛት ነው። ሰውየው ዞር ብሎ «ልጅ ይዘሽ በዚህ ሰዓት ከምትጋፊ ታክሲ አትይዢም?» አላት።

ከተቀመጡት አንዱ ስልኩን ያያል። አንዱ ዓይኑን ጨፍኗል። ፌርማታው ላይ አብሮን ቆሞ ሲያወራ የነበረ ልጅ ነው፤ በሁለት ደቂቃ እንቅልፍ አይወስደውም።

ከኋላ በኩል አንድ እናት ድምፃቸው ተሰማ። «ነይ የኔ ልጅ። አምጪው፣ ልቀበልሽ።»

ከዘራ የያዙ አሮጊት ናቸው። ነጠላቸው በዝናቡ ርሷል። ሕፃኑን ጉልበታቸው ላይ አስተኙት። ልጅቷን በሌላ እጃቸው ሳብ አድርገው በእግራቸው መሃል አቆሟትና ጉልበቷን አሹላት። ጥቁር አንበሳ ቀጠሮ ነበራቸው። ሲወርዱ ባለቤቴን በወንበራቸው አስቀምጠው፣ ግንባሯን ስመው ወረዱ።

እኔ ምን አደረግሁ? ምንም። «ለምን እንዲህ ትላታለህ?» ማለት ነበረብኝ። ጠብ ይነሳል፣ ልጆቹ ይደነግጣሉ ብዬ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ባለቤቴ ሜክሲኮ ወርደን አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠልለን የልጅቷን ጉልበት እየጠረገች አለቀሰች። ያለችኝ ይህን ነው፦ «ልጆቼን ይዤ አውቶቡስ ስገባ የሰው ዕቃ የሰረቅሁ ነው የሚመስለኝ።»

ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ኮንትራት ያዝን። ገንዘቡ አለቀ። አሁን ልጆቹን ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንቀሰቅሳለን። አውቶቡሱ ሳይሞላ፣ ሰው ሳይበሳጭ እንድንሳፈር። የ4 ዓመት ልጅ በጨለማ እየተነሳች፣ ቁርሷን ፌርማታ ላይ እየበላች ነው የምትውለው። አማቴ ቤት ስትደርስ ተመልሳ ትተኛለች።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ኅዳር ላይ የልጁን የ9 ወር ክትባት ብቻዬን ይዤው ሄድኩ። ያው መንገድ፣ ያው ሰዓት። ልጁን በፊቴ አንጠልጥዬዋለሁ። ገና ደረጃው ላይ ሳለሁ ትኬት ቆራጩ «ለአባትየው ቦታ ልቀቁለት!» ብሎ ጮኸ። ሁለት ሰው ተነሳ። አንዲት ሴት «ጎበዝ አባት! ተባረክ!» አለችኝ። ልጁ አለቀሰ፤ ማንም «ዝም አሰኘው» አላለኝም። ተቀብለው አጫወቱት።

በጊዜው አመሰገንኩ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ግን ዝም አለች። እኔም ገባኝ። እሷ በሳምንት አሥር ጊዜ የምታደርገውን እኔ አንድ ቀን ባደርገው ተመረቅሁ። እሷ «መውለድ ብቻ» ተባለች። እንግዲህ ደግነቱ አለ ማለት ነው። ወንበሩም ይለቀቃል፣ ልጁም ይታቀፋል። ለእናቶች ሲሆን ነው የሚጠፋው። ሴት ልጅ ከነልጇ ስትንገላታ ማየትን ለመድነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

እኔ ልጅ ሳለሁ እናቴ መርካቶ ስትሄድ በአውቶቡስ ትወስደኝ ነበር። እሷ ትቆማለች፣ እኔ የማላውቀው ሰው ጉልበት ላይ እቀመጣለሁ። ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አይገረምም። የተቀመጠ የቆመን ሰው ዕቃ ይቀበላል፤ ልጅ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ልጁን ይቀበላል። አንዴ አንድ ሽማግሌ ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው ሰጥተውኝ እየቆረጠምኩ ደረስን። «ልቀበልሽ» የሚለው ቃል የአዲስ አበባ አውቶቡስ ቃል ነው። ያኔም አውቶቡሱ ይጣበብ ነበር። ያኔም ሰው ለሥራ ይቸኩል ነበር።

አሁን ለሾፌሮችና ለትኬት ቆራጮች ልናገር።

ሥራችሁ ከባድ እንደሆነ አያለሁ። ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት፣ ማታ ከአሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት ያለውን ግፊያ ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለም። አውቶቡስ ሲዘገይ የምትሰደቡት እናንተ ናችሁ። ዝርዝር ሲጠፋ የምትሰደቡት እናንተ ናችሁ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ፣ ሰው ላይ ተለጥፎ፣ እየጮኹ ሂሳብ መቀበል ያደክማል። ግን ድካሙ እናት ላይ ሲራገፍ አብሮ ልጁም ይሰማዋል። ልጄ ለሳምንታት አሻንጉሊቷን ይዛ «ፍጠኚ እንጂ!» እያለች ስትጫወት ሰምቻታለሁ።

ከእናንተው መካከል ያየሁትን አንድ ሾፌር ደግሞ ሳልጠቅስ አላልፍም። አራት ኪሎ ላይ ነው፣ ማታ። አንዲት እናት መንታ ይዛ ገባች፤ አንዱን አዝላ፣ አንዱን ታቅፋ። ሾፌሩ በመስታወቱ አያት። ሞተሩን እንዳስነሳ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ጠበቀ። «እናት፣ ተቀመጥሽ?» አላት ጮክ ብሎ። «ቆይ ወንድሜ» አለችው። ፊት ወንበር ላይ የነበሩ ሁለት ተማሪዎች ሳይነገራቸው ተነሱ። ተቀመጠች። «እሺ፣ እንሂድ» አለና ነዳ። በልቤ ቆጥሬዋለሁ፤ አሥር ሰከንድ አልሞላም። «ለምን አትሄድም?» ብሎ የጮኸ ሰው አልነበረም። ሾፌሩ ሲጠብቅ ሰውም ጠበቀ። ትኬት ቆራጩ ሲሳደብ ሰው እንደሳቀው ማለት ነው። ተሳፋሪው እናንተን ነው የሚያየው።

ለኃላፊዎች የማቀርበው ጥያቄም ከዚሁ የመጣ ነው። ልጅ የያዘ ሰው ሳይቀመጥ ወይም ብረት ሳይዝ አውቶቡስ አይነሳ። ይህ እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ሥራ ደንብ ይጻፍ። ፍሬን ሲያዝ እጇ ላይ ሕፃን ያላት እናት ምንም መያዝ አትችልም፤ ስትወድቅ ደግሞ በልጁ ላይ ነው የምትወድቀው። ነገሩ የትራፊክ ደህንነት ጉዳይ ነው። በረጅም ፌርማታዎች ላይ፣ ፒያሳ፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ አራት ኪሎ፣ ሰልፍ የሚያስይዝ ሰው ካለ ነፍሰ ጡር፣ አቅመ ደካማና ልጅ የያዘ ቀድሞ ይግባ። በአንዳንድ አውቶቡሶች ወንበር በላይ ይህን የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ አይቻለሁ። ጥሩ ነው። ግን ሰው ተጨናንቆ ሲቆም ጽሑፉ አይታይም። «እናት ገብታለች፣ ያቺን ወንበር ልቀቁ» ማለት የትኬት ቆራጩ ሥራ ይሁን። እናት ራሷ እንድትለምን አታድርጓት።

ሂሳቡንም ግልጽ አድርጉልን። ልጅ ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ነው የሚከፈልለት? እኛ አንድ ቀን ለልጅቷ እንከፍላለን፣ በማግስቱ «ሕፃን ናት፣ ተዉ» እንባላለን፣ በሦስተኛው ቀን «ሌባ» እንባላለን። በር ላይ አንድ መስመር ቢለጠፍ ጠቡ ያልቃል። (ሚኒባስ ታክሲዎች ላይም ይኸው ችግር አለ። «ልጁን እቀፊው ወይም ክፈዪለት» ይባላል። ያን ለሌላ ቀን እተወዋለሁ።)

አቤቱታ የሚቀበል ስልክ ካለም አውቶቡሱ ውስጥ በትልቁ ጻፉት፤ ሲደወል የሚያነሳ ሰውም ይኑር። ትኬት ቆራጮችን ስታሠለጥኑ ደግሞ ልጅ የያዙ እናቶችን ጠርታችሁ አብረዋቸው እንዲነጋገሩ አድርጉ። ባለቤቴ ብትጠራ እንደምትመጣ ነግራኛለች።

ከተማችን ልጆችን ለማሳደግ ከአፍሪካ ምርጧ ከተማ እንድትሆን ዕቅድ ተይዟል። ይህን ስሰማ ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። መጫወቻ ቦታዎች ሲሠሩ አይቻለሁ። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ የእግረኛው መንገድ ሰፍቶ የሕፃን ጋሪ የሚገፉ ወላጆችን ማየት ጀምሬአለሁ፤ ቀድሞ በዚያ መንገድ ጋሪ መግፋት አይታሰብም ነበር። ግን ያ ጋሪ የሚገፋ ወላጅ ፌርማታ ላይ ሲደርስ ምን ይሁን? ጋሪውን ያጥፍ፣ ልጁን ይያዝ፣ ደረጃውን ይውጣ፣ ሂሳብ ይክፈል፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ከኋላው ይጮኹበታል። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናትን በሚመለከቱ እርምጃዎች የሕፃናት ደህንነት በቅድሚያ እንዲታሰብ ይላል። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ግን የአውቶቡስ አሠራር ሕፃናትን ይመለከታል ብዬ አምናለሁ። መንግሥት ልጆቻችሁን አስከትቡ ይላል። በ6፣ በ10፣ በ14 ሳምንት፣ ከዚያ በ9 ወር፣ ከዚያ በ15 ወር። እናት ታዲያ በምን ትሂድ?

ለእናንተ ለተሳፋሪዎችም የምለው አለኝ። ሁላችሁም ተነሱ አልልም። ሌሊት ሙሉ ዘብ አድሮ የሚመለስ ሰው አለ፣ የታመመ አለ፣ እግሩን የሚያመው አለ። ያ ሰው ወንበሩን ባይለቅ አልፈርድበትም። ግን መነሳት ካልቻላችሁ ልጁን መቀበል ትችላላችሁ። ያም ካልሆነ ቢያንስ አትናገሯት። «ማን ውለጂ አለሽ» የምትሏት ሴት ልጅ ምንም ልትመልስላችሁ አትችልም። ልጆቿ ያዳምጣሉ።

ስለ መስኮትም ላንሳ። ሕፃን ብዙ ጊዜ የሚያለቅሰው ሙቀቱና እፍግታው በዝቶበት ነው። እናቱ መስኮት ለመክፈት እጇን ስትሰድ አምስት ሰው ባንድነት «ዝጊው፣ ንፋስ ይመታናል!» ይላል። ልጁ ሲያለቅስ ደግሞ ያው ሰው «ኧረ ዝም አሰኚው!» ይላል። ጣት ታህል ትከፈት። የልጁ ለቅሶ ጋብ ሲል ታዩታላችሁ፤ እኛ ብዙ ቀን ሞክረን አይተነዋል።

እኛም ወላጆች የምናጠፋው እንዳለ አልክድም። ጭቃ ጫማ ያደረገ ልጅ ወንበር ላይ እናቆማለን። ብስኩት እናስበላና ፍርፋሪውን ትተን እንወርዳለን። ሂሳብ ቀድመን ሳናዘጋጅ በር ላይ ቦርሳ እንበረብራለን። እኔና ባለቤቴ ከሰኔ ወዲህ የአውቶቡስ ገንዘብ ዘርዝረን በየራሳችን ኪስ እናድራለን። የልጅቷንም ጫማ ስትቀመጥ አውልቀን በፌስታል እንይዛለን። የቀረ ካለ ንገሩን፣ እናስተካክላለን። በሰው ቋንቋ ከተነገረን።

በሚቀጥለው ወር ልጃችን 15 ወር ይሞላዋል። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባቱ ነው። እኔ በዚያ ሳምንት ለሥራ ከከተማ እወጣለሁ። ባለቤቴ ብቻዋን ትወስዳቸዋለች። በሌሊት ልትቀሰቅሳቸው ነበር፤ ተይ አልኳት። በሰዓቱ ይተኙ፣ ቁርሳቸውን ቤት ይብሉ፣ እንደማንኛውም ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ውጪ ብያታለሁ። እሺ አለች፤ ግን ፊቷ ላይ ፍርሃቱን አይቻለሁ።

ፒያሳ ፌርማታው ላይ ታገኟታላችሁ። ሕፃኑን ታዝለዋለች። ልጅቷን በእጇ ትይዛለች። ልጅቷ ቀይ ጃንጥላ አላት፣ ዝናብ ባይኖርም ትይዘዋለች። አውቶቡሱ ሲመጣ ደረጃው ላይ ትንሽ ትዘገያለች፤ እግሯ አጭር ስለሆነ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የሁለት ልጆች አባት፣ ከአፍንጮ በር